ቤቱና ሥራው፤ የሚቶኮንድሪያና የክሎሮፕላስት አሠራር እንዴት እንደ ታወቀ

የውኃ ወፍጮ አይቶ የማያውቅ ሰው ወደ ወፍጮ ቤት ቢገባና ከወንዝ የተጠለፈውን ቦይ፣ ውኃው የሚመታውን መዘውር፣ በመዘውሩ ኀይል የሚዞረውን ድንጋይና ዱቄቱ የሚወርድበትን አፍ በየተራ ቢመለከት፣ ማንም ሳይነግረው የቤቱን ሥራ ለመገመት ይችላል። የመሣሪያው ቅርፅ ለሥራው ምስክር ነውና። ነገር ግን ቦዩ ወዲያ፣ መዘውሩ ወዲህ፣ ድንጋዩም ከደጅ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ፣ ከዕቃው አንድም ሳይጐድል ዱቄት አይገኝም ነበር። እንግዲህ ወፍጮን ወፍጮ የሚያሰኘው ዕቃው ብቻ ሳይሆን የዕቃው አቀማመጥ ጭምር ነው።

ይህ ነገር ሰው በሠራው ዕቃ ብቻ ሳይሆን በሕያዋን ፍጡራን አካልም እውነት መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የአሞራ ክንፍ ለመብረር፣ የፈረስ ኰቴ ለመጋለብ የተስማማ መሆኑን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ዳሩ ግን ይኸው ሕግ ዐይናችን ሊያያቸው በማይችላቸው እጅግ ረቂቅ በሆኑ ክፍሎችም እንደሚሠራ ለመረዳት፣ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል፤ እርስ በርሳቸውም ብርቱ ክርክር ተከራክረዋል። በዚህ ጽሑፍ ለመተረክ የምንሞክረው የዚህን ድካምና የዚህን ክርክር ታሪክ ነው። ለምሳሌ የመረጥናቸውም ሚቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት የሚባሉት ሁለቱ የሕዋስ ክፍሎች ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የማንኛውም ተክልና እንስሳ አካል ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። ሕዋስም ባዶ ከረጢት አይደለም፤ በውስጡ የየራሳቸው ሥራ ያላቸው ብዙ ክፍሎች ይገኛሉ። ክሎሮፕላስት በተክል አረንጓዴ ክፍል የሚገኝ ሲሆን፣ የፀሓይን ብርሃን ተቀብሎ ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራል፤ ኦክሲጅንንም ወደ ውጭ ይለቃል። ሚቶኮንድሪያ ግን ከምግብ የተገኘውን ነገር በኦክሲጅን አማካይነት ቀስ በቀስ ያቃጥልና ከቃጠሎው የሚገኘውን ኀይል ኤቲፒ በሚባል ንጥረ ነገር ያስቀምጠዋል። ኤቲፒ ለሕዋስ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ነው። ጡንቻ ሲኰማተር፣ ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ፣ አዲስ ሕዋስ ሲሠራ የሚመነዘረው እርሱ ነው።

ብዙ ተማሪዎች ክሎሮፕላስት የተክል፣ ሚቶኮንድሪያም የእንስሳ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ተክል ፀሓይ በሌለበት በሌሊትም ይኖራል፤ ሥሩም ቀን ከሌት በአፈር ጨለማ ውስጥ ይሠራል። ስለዚህ ተክል ሁለቱም አሉት። ስለ መጠናቸው ለመናገር ያህል፣ አንድ ሚሊሜትር ከአንድ ሺህ ቢከፈል አንዱ ክፍል ማይክሮሜትር ይባላል፤ የሚቶኮንድሪያ ውፍረት ከግማሽ እስከ 1 ማይክሮሜትር፣ የክሎሮፕላስት ርዝመትም 5 ማይክሮሜትር ያህል ነው።

አረንጓዴው ቅንጣት

በ1771 ዓ.ም. ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሻማ ነዶ በጠፋበት በተዘጋ አየር ውስጥ የናና ቅጠል አኖረ። ከጥቂት ቀኖች በኋላ በዚያው አየር ውስጥ ሻማ እንደ ገና ለመንደድ ቻለ። ተክሉ የተበላሸውን አየር አድሶታል ማለት ነው። ዳሩ ግን ይህ ሙከራ አንዳንድ ጊዜ ሲሠምር አንዳንድ ጊዜ ይከሽፍ ነበር፤ ምክንያቱንም የሚያውቅ አልነበረም። ምክንያቱን የገለጠው በሆላንድ አገር የተወለደው ሐኪም ያን ኢንገንሁስ ነው። እርሱም በ1779 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተክል አየርን የሚያድሰው ብርሃን ሲያገኝ ብቻ መሆኑን፣ ይህንንም የሚሠራው አረንጓዴው ክፍል እንጂ ሌላው አለመሆኑን አስረዳ።

አረንጓዴው ክፍል ሲባል ግን ቅጠሉ በሙሉ ነውን? ወይስ በቅጠሉ ውስጥ አንድ የተለየ ቦታ አለ? በ1837 ዓ.ም. ሁጎ ፎን ሞል የተባለ ጀርመናዊ ቅጠልን በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ አረንጓዴው ቀለም በሕዋሱ ሁሉ የተበተነ ሳይሆን በጥቃቅን ቅንጣቶች ውስጥ የታቈረ መሆኑን ገለጠ። በ1860ዎቹ ደግሞ ሌላው ጀርመናዊ ዩልዩስ ሳክስ በእነዚህ ቅንጣቶች ውስጥ ስታርች እንደሚገኝ፣ ይህም ስታርች ተክሉ በጨለማ ሲቀመጥ እንደሚጠፋ፣ ወደ ብርሃን ሲመለስም እንደ ገና እንደሚታይ አሳየ። ከዚህ በኋላ ምግቡ የሚሠራው በቅንጣቱ ውስጥ መሆኑ አላጠራጠረም።

የቀረውን ጥርጥር በሚያስደንቅ ብልኀት ያስወገደው ቴዎዶር ኤንገልማን ነው። በኵሬ ውኃ ላይ እንደ አረንጓዴ ክር የሚንሳፈፍ ስፓይሮጋይራ የሚባል ተክል አለ፤ የእርሱ ክሎሮፕላስት በሕዋሱ ውስጥ እንደ ጥብጣብ ተጠምዞ የሚታይ ነው። ኤንገልማን በ1880ዎቹ መጀመሪያ ይህን ተክል ኦክሲጅን ወዳለበት ከሚሮጡ ባክቴሪያዎች ጋራ በአንድ ጠብታ ውኃ ውስጥ አኖረና በአንዲት ቀጭን የብርሃን ጨረር ነካው። ጨረሩ ጥብጣቡን ሲነካ ባክቴሪያዎቹ በዚያ ቦታ ተሰበሰቡ፤ ከጥብጣቡ ውጭ ያለውን ሲነካ ግን አንድም አልቀረበ። ኦክሲጅንን ለመለካት የሚያስችል ረቂቅ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን፣ ሕያዋን ፍጡራንን ራሳቸውን መለኪያ አድርጎ የኦክሲጅን ምንጭ ክሎሮፕላስት መሆኑን አስመሰከረ።

ክርና ፍሬ

የሚቶኮንድሪያ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ክሎሮፕላስት በቀለሙ ራሱን ሲገልጥ፣ ሚቶኮንድሪያ ግን ቀለም የሌለው በመሆኑ ተደብቆ ኖረ። ሪካርድ አልትማን የተባለ በላይፕሲግ ከተማ የሚኖር መርማሪ በ1890 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ባዘጋጀው ልዩ ማቅለሚያ አማካይነት በየሕዋሱ ውስጥ ብዙ ቅንጣቶችን ማየቱን ገለጠ። ከዚህም አልፎ እነዚህ ቅንጣቶች ራሳቸው በሕዋስ ውስጥ የሚኖሩ ሕያዋን ናቸው አለ። ብዙዎች ግን «ቅንጣቶቹን ያመጣቸው ማቅለሚያው ነው እንጂ በሕዋሱ ውስጥ የሉም» ሲሉ ነቀፉት። በ1898 ዓ.ም. ካርል ቤንዳ፣ አንዳንድ ጊዜ እንደ ክር፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ ፍሬ ሆነው ስለ ታዩት፣ ክርና ፍሬ የሚል ትርጕም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት አጣምሮ ሚቶኮንድሪያ ብሎ ሰየማቸው። በ1900 ዓ.ም. ሌዮኖር ሚካኤሊስ ሕይወቱ ባልወጣ ሕዋስ ውስጥ በልዩ አረንጓዴ ቀለም አቅልሞ ስላሳያቸው፣ የማቅለሚያ ውጤት ናቸው የሚለው ነቀፌታ እየደከመ ሄደ።

መኖራቸው ታወቀ፤ ሥራቸው ግን አልታወቀም። ከዘር ውርስ ጋራ የተያያዙ ናቸው የሚሉ ነበሩ። በ1912 ዓ.ም. ኪንግስበሪ የተባለ አሜሪካዊ የሕዋስ መተንፈሻ ሳይሆኑ አይቀሩም ሲል ገመተ። በ1913 ዓ.ም. ኦቶ ዋርቡርግ የተፈጨ ጉበት ኦክሲጅን የሚፈጀው በውስጡ ባሉት ቅንጣቶች መሆኑን አየ። በ1925 ዓ.ም. ደግሞ ዴቪድ ኬይሊን በኬምብሪጅ ሆኖ የነፍሳትን የክንፍ ጡንቻ በብርሃን መመርመሪያ ሲመለከት፣ ኦክሲጅን ሲገኝ የሚጠፉ፣ ኦክሲጅን ሲጐድልም የሚመለሱ ጥቋቁር መስመሮች አገኘ። እነዚህም ሳይቶክሮም የተባሉት ብረት ያለባቸው ንጥረ ነገሮች ምልክቶች ነበሩ። ሳይቶክሮሞች ኤሌክትሮንን ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበሉ በመጨረሻ ለኦክሲጅን ያስረክባሉ።

የሚፈጩና የሚያዩ

በዚህ ጊዜ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ተከፍለው ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። አንደኛው ወገን በማይክሮስኮፕ ቅርፅን ያያል፤ ሥራን ግን ሊለካ አይችልም። ሁለተኛው ወገን አካሉን ፈጭቶ፣ አጥልሎ፣ ጭማቂውን በብርጭቆ እያደረገ ሥራውን ይለካል፤ ቅርፁን ግን አስቀድሞ አጥፍቶታል።

የሁለተኛው ወገን ትምክሕት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1897 ዓ.ም. ኤድዋርድ ቡክነር እርሾን ፈጭቶ፣ አንድም ሕያው ሕዋስ በሌለበት ጭማቂ ስኳርን ወደ አልኮል ለመለወጥ ችሎ ነበር። ጠጅና ጠላ የሚፈላበት ሥራ እንግዲህ ቤት አያስፈልገውም፤ ሠራተኞቹ ማለት ኤንዛይሞቹ በውኃ ውስጥ ተበትነው እንኳ ሥራቸውን ያከናውናሉ። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች «የሕይወት ሥራ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገሩ እንጂ አቀማመጡ አይደለም» ብለው አሰቡ። ይሁን እንጂ በኦክሲጅን የሚካሄደው ቃጠሎ ለዚህ አሳብ አልታዘዘም። ጭማቂው ከቅንጣቶቹ በጠራ መጠን ሥራው ይቆም ነበር። በ1937 ዓ.ም. ሃንስ ክሬብስ ምግብ በደረጃ የሚፈርስበትን ዑደት ያገኘው እንኳ በተከተፈ የርግብ ጡንቻ እንጂ በጠራ ጭማቂ አልነበረም።

ሁለቱን ወገኖች ያስታረቃቸው አዲስ መሣሪያ ነው። ወተት ሲናጥ ቅቤው ከአሬራው እንደሚለይ ሁሉ፣ የተፈጨ ሕዋስም በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከር መኪና ውስጥ ሲገባ ከባዱ አስቀድሞ፣ ቀላሉም በኋላ እየዘቀጠ ይለያያል። አልበርት ክሎድ በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም ይህን ዘዴ ካዳበረ በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም. ሆገቡም፣ ሽናይደርና ፓላዴ ስኳር በተጨመረበት ውኃ በመጠቀም ሚቶኮንድሪያን ቅርፁ ሳይበላሽ ከጉበት ለይተው አወጡ። በዚያው ጊዜ በቺካጎ ዩጂን ኬነዲና አልበርት ሌኒንገር የክሬብስ ዑደትም፣ የኤቲፒ መሠራትም በሚቶኮንድሪያ ውስጥ መሆኑን አረጋገጡ። አልትማን ቅንጣቶቹን ካሳየ 58 ዓመት አልፎ ነበር።

ክሎሮፕላስትም እንዲሁ ከቅጠል ተለይቶ ተመረመረ። ሮበርት ሂል በ1937 ዓ.ም. ከቅጠል የወጣ ክሎሮፕላስት ብርሃንና ኤሌክትሮን የሚቀበለው የብረት ውሑድ ሲያገኝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይሰጠው ኦክሲጅን እንደሚያወጣ አሳየ። ብርሃንን መቀበልና ስኳርን መሥራት ሊለያዩ የሚችሉ ሁለት ሥራዎች መሆናቸው ከዚህ ታወቀ። በ1954 ዓ.ም. ዳንኤል አርኖን የተለየ ክሎሮፕላስት ኤቲፒን ጭምር እንደሚሠራ ጨመረበት።

በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየው ቅርፅ ደግሞ ከተጠበቀው በላይ ነበር። ጆርጅ ፓላዴ በ1952 ዓ.ም.፣ ስዊድናዊው ፍሪትዮፍ ሾስትራንድም በ1953 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ሚቶኮንድሪያ ተራ ቅንጣት አለመሆኑን ገለጡ። ሁለት ስስ ገለፈት አለው፤ ውጭኛው ለስላሳ ሲሆን ውስጠኛው ግን ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብዙ እጥፋት ይሠራል። አንድ ሰፊ ጋቢ በትንሽ ሣጥን ውስጥ እየታጠፈ እንደሚገባ ያለ ነው። በክሎሮፕላስትም ውስጥ በሞሰብ እንደ ተነባበረ እንጀራ የተቈለሉ ጠፍጣፋ ከረጢቶች ታዩ። ቪልሄልም ሜንከ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከረጢት ከሚል የግሪክ ቃል ታይላኮይድ ብሎ ሰየማቸው።

የጠፋው ነገር ፍለጋ

እንግዲህ ቤቱም ሥራውም ታወቀ። አንድ ትልቅ ጥያቄ ግን ቀረ። ኤሌክትሮን በሳይቶክሮሞች በኩል ሲያልፍ የሚለቀው ኀይል ወደ ኤቲፒ የሚሸጋገረው በምን ድልድይ ነው? ቡክነር ያስተማረውን የተከተሉት ሊቃውንት በመካከል አንድ ኀይል የተሸከመ ንጥረ ነገር መኖር አለበት ብለው ያን ነገር ለማግኘት ተነሡ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በብዙ አገር የሚገኙ ዐዋቂዎች በዚህ ፍለጋ ደከሙ። ብዙ ጊዜ ተገኘ ተባለ፤ ብዙ ጊዜም የተገኘው ሌላ ሆነ። ሌላም የሚያስቸግር ነገር ነበረ። ገለፈቱ የተቀደደ እንደ ሆነ ቃጠሎው ሳይቆም ኤቲፒ መሠራቱ ይቀር ነበር። ለምን?

በ1961 ዓ.ም. ፒተር ሚቸል የተባለ እንግሊዛዊ ጥያቄውን ገለበጠው። የምትፈልጉት ንጥረ ነገር ያልተገኘው ስለሌለ ነው፤ ድልድዩ ራሱ የገለፈቱ አቀማመጥ ነው አለ። እንደ እርሱ አሳብ ኤሌክትሮኖቹ በገለፈቱ ውስጥ ሲተላለፉ ፕሮቶኖችን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ወገን ይገፋሉ። ገለፈቱ ፕሮቶን የማያሳልፍ ስለ ሆነ በአንዱ ወገን ይጠራቀማሉ። ከዚያም የመመለሻ በር ሆኖ በተሠራ አንድ ኤንዛይም በኩል ብቻ ሲመለሱ ኤቲፒ ይሠራል። ገለፈቱ ግድብ፣ ፕሮቶኖቹ ውኃ፣ ኤንዛይሙ መዘውር ነው። ግድቡ ከተሸነቈረ ውኃው በሽንቍሩ ያልፋል እንጂ መዘውሩን አያዞርም። ገለፈቱ ሲቀደድ ኤቲፒ የማይሠራበት ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው።

ይህን አሳብ በመጀመሪያ የተቀበሉት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ሚቸል በጤና ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ከተለየ በኋላ፣ በኮርንዎል አውራጃ ግሊን የተባለውን አሮጌ ቤት አሳድሶ ከረዳቱ ከጄኒፈር ሞይል ጋራ በዚያ መሥራቱን ቀጠለ። በ1966 ዓ.ም. አሜሪካውያኑ አንድሬ ያገንዶርፍና ኧርነስት ዩሪቤ አንድ ሙከራ አቀረቡ። ከስፒናች የወጡ ታይላኮይዶችን በጨለማ ውስጥ አሲድ ባለው ውኃ ነከሩና ውስጣቸው በፕሮቶን ሲሞላ ወዲያው አሲድ ወደሌለው ውኃ አዛወሯቸው። ብርሃን የሚባል ሳይነካቸው ኤቲፒ ሠሩ። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ኤፍራይም ራከርና ዋልተር ስቶከንዩስ በሰው እጅ በተዘጋጁ ጥቃቅን ከረጢቶች ላይ ከባክቴሪያ የወጣ በብርሃን ፕሮቶን የሚገፋ ፕሮቲንና ከከብት ልብ የወጣውን ኤቲፒ ሠሪ ኤንዛይም አንድ ላይ ተከሉ። ባክቴሪያና ከብት ምን ያገናኛቸዋል? ሆኖም ብርሃን ሲበራ ኤቲፒ ተሠራ። በሁለቱ መካከል ከግድቡ በቀር ሌላ ድልድይ አልነበረም። ሚቸል በ1978 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

መዘውር ያልነውም ምሳሌ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ጆን ዎከር በ1994 ዓ.ም. የኤንዛይሙን ራስ ቅርፅ ገለጠ። በ1997 ዓ.ም. በጃፓን ኖጂና ጓደኞቹ በአንዱ ኤንዛይም ላይ የሚያበራ ክር አስረው በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ክሩ ዞረ። የኤንዛይሙን መዞር አስቀድሞ የተናገረው ፖል ቦየርና ዎከር በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ቅርፁ ከሥራው ጋራ እንዴት እንደሚስማማ

ይህ ከታወቀ በኋላ ቀድሞ እንደ ጌጥ ይታይ የነበረው ቅርፅ ሁሉ ምክንያት ተገኘለት። የሚቶኮንድሪያ ውስጠኛ ገለፈት የሚታጠፈው ሳይቶክሮሞቹና መዘውሮቹ የሚተከሉበት ቦታ እንዲሰፋ ነው። ስለዚህ ብዙ ኀይል በሚያስፈልገው የልብ ጡንቻ እጥፋቱ እጅግ የጠበበና የበዛ ነው፤ ሚቶኮንድሪያዎቹም የልብን ሕዋስ አንድ ሦስተኛ ያህል ይይዛሉ። አንድ የጉበት ሕዋስ ከ1000 እስከ 2000 የሚሆኑ ሚቶኮንድሪያዎች ሲኖሩት፣ ኦክሲጅንን የማመላለስ እንጂ የመፍጀት ሥራ የሌለው የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ግን አንድም የለውም። በሁለቱ ገለፈት መካከል ያለው ቦታ ጠባብ የሆነውም በከንቱ አይደለም። ትንሽ ኵሬ በጥቂት ውኃ ቶሎ እንደሚሞላ፣ ጠባቡም ቦታ በጥቂት ፕሮቶን ቶሎ ይሞላል። በገለፈቱ ሁለት ወገን ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት 150 ሚሊቮልት ያህል ነው፤ ይህ ትንሽ ቢመስልም የገለፈቱ ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር ሁለት መቶ ሺኛ ክፍል ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በዚያ ስስ ነገር ላይ ያረፈው ጫና እጅግ ታላቅ ነው። በውስጥ ያለው ፈሳሽ ደግሞ የክሬብስ ዑደት ኤንዛይሞች የሚሠሩበት ነው፤ እነርሱ የሚያወጡት ኤሌክትሮን ሩቅ ሳይሄድ ወዲያው በአጠገቡ ባለው ገለፈት ይያዛል።

በክሎሮፕላስትም ነገሩ ተመሳሳይ ሆኖ አቅጣጫው ይለያል። እዚህ ፕሮቶኖቹ የሚገፉት ወደ ታይላኮይድ ከረጢት ውስጥ ነው። የከረጢቱ ውስጥ ጠባብ ስለ ሆነ በብርሃን ጊዜ የፕሮቶኑ ብዛት ከውጭው ሺህ እጥፍ ያህል ይደርሳል። ኤቲፒ የሚወጣው ከከረጢቱ ውጭ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ስኳር የሚሠሩት ኤንዛይሞችም የሚጠብቁት እዚያው ነው። ዱቄቱ በሚጋገርበት ቤት ይወርዳል እንደ ማለት ነው። ቁልሉም የራሱ ሥርዐት አለው። ውኃን ሰንጥቆ ኦክሲጅን የሚያወጣው ክፍል በተነባበሩት ከረጢቶች መካከል ሲገኝ፣ ኤቲፒ የሚሠራው መዘውር ግን ራሱ ወደ ውጭ የወጣ ስለ ሆነ በተጣበቀው ቁልል መካከል ሊገባ አይችልም፤ ስለዚህ ፈሳሹ በሚነካው በቁልሉ ዳርና ባልተነባበረው ክፍል ላይ ይተከላል።

ግድቡ ሲያፈስ

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፣ የሰው ሕይወት እንዴት በዚህ ስስ ገለፈት ላይ እንደ ተንጠለጠለ የሚያሳዩ ሦስት ነገሮችን እንጨምራለን።

በ1933 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ዳይናይትሮፌኖል የሚባል መድኀኒት ውፍረት ይቀንሳል ተባለና ብዙ ሰዎች ይወስዱት ጀመር። ውፍረትስ በእርግጥ ቀነሰ፤ ነገር ግን ሰውነታቸው ከውስጥ እየጋለ የሞቱ ነበሩ። በ1938 ዓ.ም. አደገኛ ነው ተብሎ ለሰው እንዳይሰጥ ተደረገ። የሚገድልበት ምክንያት በትክክል የታወቀው ከሚቸል በኋላ ነው። መድኀኒቱ ፕሮቶንን ተሸክሞ ገለፈቱን በማለፍ ግድቡን ያፈሳል፤ ምግቡ ይቃጠላል፤ ነገር ግን ኀይሉ ኤቲፒ መሆኑ ቀርቶ ሙቀት ብቻ ይሆናል። ዛሬም በስውር እየገዙ የሚወስዱት ሰዎች ስለሚገኙ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም።

በ1962 ዓ.ም. ስዊድናዊው ሐኪም ሮልፍ ሉፍትና ጓደኞቹ ስለ አንዲት የ35 ዓመት ሴት ጻፉ። ብዙ እየበላች ትከሳ፣ ሁልጊዜም ያልባት ነበር። እንቅርቷ ጤናማ ነው። ከጡንቻዋ ተወስዶ ሲመረመር ግን ሚቶኮንድሪያዎቿ ያለ ልክ ያቃጥሉ ነበር። አንድ በሽታ ከሚቶኮንድሪያ ጕድለት የመጣ መሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ በመጀመሪያ ነው።

ሦስተኛው ግን መልካም ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በብርድ ገና ለመንቀጥቀጥ አይችልም። ስለዚህ በትከሻው መካከልና በአንገቱ አካባቢ ቡናማ ስብ አለው። በዚህ ስብ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ግድቡን ሆን ብሎ የሚከፍት ፕሮቲን ይገኛል፤ ሕፃኑም በዚህ ይሞቃል። አንዱ ማፍሰስ ሲገድል ሌላው ያድናል፤ ልዩነቱ በልክና በቦታ መሆኑ ነው።

የማሽላው ጕንጕን

ከአገራችን እርሻ ጋራ የሚገናኝ አንድ ምሳሌ ደግሞ አለ። ጎትሊብ ሀበርላንት የተባለ መርማሪ በ1880ዎቹ የአንዳንድ ሣሮችን ቅጠል ቈርጦ ሲመለከት፣ በቅጠሉ ጅማት ዙሪያ ትልልቅ ሕዋሶች እንደ አበባ ጕንጕን ተደርድረው አየ። ሥራቸው ምን እንደ ሆነ ግን ሰማንያ ዓመት ያህል አልታወቀም። በ1966 ዓ.ም. ማርሻል ሃችና ሮጀር ስላክ በሸንኮራ አገዳ ላይ መርምረው ምሥጢሩን አስረዱ። በውጭ ያሉት ሕዋሶች ካርቦን ዳይኦክሳይድን እየያዙ ወደ ጕንጕኑ ያስገባሉ፤ ስኳሩም የሚሠራው በዚያ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ዋናው ኤንዛይም ኦክሲጅን ሲበዛበት ተሳስቶ ኦክሲጅንን የመያዝ ጠባይ ስላለው፣ ይህ ዝግጅት በሙቀትና በብርቱ ፀሓይ ጊዜ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል።

አሁን ቅርፁን እንመልከት። በማሽላና በበቆሎ ጕንጕን ውስጥ ያሉት ክሎሮፕላስቶች የተነባበረ ታይላኮይድ የላቸውም ለማለት ይቻላል። ምክንያቱ ከላይ ከተናገርነው ይገኛል። ኦክሲጅን የሚወጣው ከቁልሉ ነውና፣ ቁልሉ ከሌለ ኦክሲጅንም አይበዛም፤ ኤንዛይሙም አይሳሳትም። በአንድ ቅጠል ውስጥ፣ ጐን ለጐን ባሉ ሁለት ሕዋሶች፣ ክሎሮፕላስቱ እንደየሥራው ሁለት መልክ ይዞ ይገኛል። ስንዴና ገብስ ይህ ጕንጕን የላቸውም፤ ማሽላ፣ በቆሎና ጤፍ ግን ይህን መንገድ ከሚከተሉት ወገን ናቸው። ማሽላ በቆላ ፀሓይ የሚጸናበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የሁለቱ አመጣጥ

አልትማን ቅንጣቶቹ ራሳቸው ሕያዋን ናቸው ማለቱን አንባቢ ያስታውሳል። ሩስያዊው ኮንስታንቲን ሜሬሽኮቭስኪም በ1905 ዓ.ም. ክሎሮፕላስት ቀድሞ በሌላ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የቀረ ሕያው ፍጡር ነው ብሎ ነበር። ሁለቱም በዘመናቸው ብዙ ተከታይ አላገኙም። በ1962 ዓ.ም. በክሎሮፕላስት ውስጥ፣ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ የራሳቸው ዲኤንኤ መኖሩ ታየ። ሊን ማርጉሊስ በ1967 ዓ.ም. ይህንና ሌላውን ማስረጃ ሰብስባ አሳቡን እንደ ገና አነሣችው፤ ዛሬም የተመሰከረለት ሆኗል። በ1981 ዓ.ም. የሰው ሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በሙሉ ሲነበብ 16,569 ፊደላትና 37 ዘረ መሎች ብቻ ተገኙበት፤ የቀሩት በረዥም ዘመን ጠፍተዋል ወይም ወደ ሕዋሱ አስኳል ተዛውረዋል ማለት ነው። ሁለት ገለፈት የመኖሩም ምክንያት ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነው። ባክቴሪያም ፕሮቶን የሚገፋው በራሱ ገለፈት ነውና፣ ግድቡን ይዞ የመጣው እንግዳው ራሱ ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ወገን ነው። በመጀመሪያ፣ ቅርፅን ብቻ ያዩት ሥራውን አላወቁም፤ ሥራን ብቻ የለኩትም የሌለ ነገር ሲፈልጉ ብዙ ዓመት አሳለፉ። እውነቱ የተገኘው የሚያየውና የሚለካው ሲገናኙ ነው። ስለዚህ መምህራን ይህን ትምህርት ሲሰጡ «ሚቶኮንድሪያ የሕዋስ ኀይል ማመንጫ ነው» የሚለውን ቃል ተማሪው እንዲደግመው ብቻ ሳይሆን፣ ገለፈቱ ለምን ይታጠፋል? መካከሉ ለምን ይጠብባል? ቢቀደድስ ምን ይሆናል? ብለው ቢጠይቁት፣ ሥዕሉን በቃሉ ከማጥናት አልፎ ምክንያቱን ሊያገኝ ይችላል።

ሁለተኛ፣ በመሥሪያ ቤት ለምንሠራ ሰዎችም ነገሩ ባዕድ አይደለም። አንድ ሥራ ሳይሳካ ሲቀር የጐደለ ሰው ወይም የጐደለ ዕቃ አለ ብለን መፈለግ ይቀናናል። አንዳንድ ጊዜ ግን የጐደለ ነገር አይኖርም፤ ያለው ነገር በየቦታው አለመቀመጡ ይሆናል። ሚቸል ለዚያ ሁሉ ዘመን ጥያቄ መልስ ያገኘው አዲስ ንጥረ ነገር በመጨመር ሳይሆን፣ በዐይን ፊት ያለውን ገለፈት ለምን በዚያ ቦታ እንዳለ በመጠየቅ ነው።